ክብሪቱን ሲወረውርላት

«ቱ ሃቭ ኤንድ ሃቭ ኖት»ን ያገለገለ ዲቪዲ አግኝቼ ገዛሁት። በ1944 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው፤ ዳይሬክተሩ ሃዋርድ ሆክስ። ታሪኩ? ማርቲኒክ ደሴት፣ ጀልባ፣ ጦርነት... እውነቱን ለመናገር ግማሹን አልተከታተልኩትም። ዓይኔ ሁለቱ ተዋንያን ላይ ነበር።

ሎረን ባኮል በሩ ላይ ቆማ ክብሪት ትጠይቃለች። ሃምፍሬይ ቦጋርት ይወረውርላታል፤ ትቀልበዋለች። በቃ! መነካካት የለ፣ መሳሳም የለ። ክፍሉ ግን ይግላል። ይቺን ትዕይንት አራት ጊዜ እየመለስኩ አየኋት፤ ሻዬ በረደ።

ባኮል ያኔ ገና 19 ዓመቷ ነው፤ የመጀመሪያ ፊልሟ። ከፍርሃት የተነሳ ጭንቅላቷ ይንቀጠቀጥባት ስለነበር አገጯን ወደ ደረቷ ዝቅ አድርጋ ዓይኗን ብቻ ቀና ታደርጋለች። ያ ጭንቀት ነው እንግዲህ ዝነኛው አስተያየቷ ሆኖ የቀረው! ቦጋርት ደግሞ 44 ዓመቱ፣ ያውም ባለትዳር። በዓመቱ፣ ግንቦት ወር ላይ፣ ተጋቡ። ትወናው የቱ ጋ እንደሚያልቅ እንጃ።

ዲስኩ ትንሽ ተጭሯል፤ መጨረሻው አካባቢ ይቆራረጣል። ሻጩ «እንደ አዲስ ነው» ብሎኝ ነበር። ቢሆንም አልመልስለትም።