ከኦፕሬሽን በፊት የተነሳሁት ሲቲ ስካን፦ ከ5 ኮከብ 3 ሰጥቼዋለሁ

የግራ ዘር ፍሬዬ በካንሰር ምክንያት ወጥቷል። ኬሞ ጨርሼም ሆዴ ውስጥ ያበጠ ሊምፍ ኖድ (ሊምፍ የሚባለውን የሰውነት ፈሳሽ የሚያጣራ ትንሽ እጢ) ስለቀረ፣ እሱን ለማውጣት ከኦፕሬሽኑ በፊት ሲቲ ስካን ታዘዘልኝ። «ችግሩ ታች፣ ፎቶው ሆድ ላይ ምን አገባው?» ብዬ ነበር። ለካ የዘር ፍሬ ሊምፍ የሚፈሰው ወደ ብሽሽት ሳይሆን ወደ ላይ፣ ኩላሊት አካባቢ ነው፤ ፅንስ ሳለን ፍሬው የሚፈጠረው እዚያ አጠገብ ስለሆነ።

ምርመራው ፈጣን ነው። በክንድ የሚሰጡት ቀለም ሲገባ ሰውነት ይግላል፣ ሽንት ያመለጠ ይመስላል። አላመለጠኝም፣ አትፍሩ።

ቅሬታዬ ሪፖርቱ ላይ ነው። «ያበጠ ሊምፍ ኖድ አለ» ብቻ! መጠኑስ? ከአኦርታ (ከልብ ከሚወጣው ትልቁ ደም ሥር) በግራ ነው በቀኝ? ከ1 ሴንቲ ሜትር መብለጥ አለመብለጡ እኮ ውሳኔ ይለውጣል። ቀዶ ሐኪሙ እንደገና እንዲጻፍ መለሰው፣ እኔም ስመላለስ ከረምኩ። ሁለተኛው ሪፖርት ግን ጥሩ ነበር፤ ቀዶ ሐኪሙ ምስሉን ስክሪን ላይ ከፍቶ፣ እብጠቱ ከየትኛው ደም ሥር ጋር እንደተጠጋ፣ የዘር ፈሳሽ የሚያስወጡት ነርቮች በየት እንደሚያልፉና የትኞቹን ለማትረፍ እንደሚሞክር አንድ በአንድ አሳየኝ። ከሁሉም የጠቀመኝ ይሄ ነው።

ሲቲው የእብጠቱን መጠንና ቦታ እንጂ ውስጡ ምን እንደሆነ አይነግርም። ጠባሳ ይሁን፣ ቴራቶማ (በኬሞ የማይጠፋ የዕጢ ዓይነት) ይሁን፣ ወይም ያልሞተ ካንሰር፣ የሚለየው ወጥቶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው። እና ምስሉ ያለበትን ሲዲ ሳትቀበሉ እንዳትወጡ፤ ወረቀቱ ብቻውን ለቀዶ ሐኪም አይበቃም።