ምናለሽ ተራ፦ ቁሱን ከቤት፣ እጁን ከገበያ

የቤታችን የከሰል ምድጃ ታቹ ተበልቶ ፍሙን ወለል ላይ መጣል የጀመረው በ2017 ዓ.ም. የዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ ነበር። በሰፈራችን ወዳለ የቤት ዕቃ መደብር ሄጄ ዋጋ ስጠይቅ፣ ከስስ ላሜራ ለተሠራና ቀለሙ በቅጡ ላልደረቀ ተራ ምድጃ 900 ብር ተባልሁ። ይህንኑ ለአክስቴ ስነግራቸው «ታቹ ብቻ ለተበላ ምድጃ ሙሉ ምድጃ ይገዛል እንዴ? ነገ በጠዋት ተነሺና ምናለሽ ተራ እንሂድ» አሉኝ። በማግስቱ አሮጌውን ምድጃ፣ ሁለት ባዶ የዘይት ጣሳዎችና ከጣሪያ እድሳት የተረፈ ቁራጭ ቆርቆሮ በማዳበሪያ ከትተን ወደ መርካቶ ወረድን። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ፤ በእነዚያ ምልልሶች ያየሁትን፣ የሚመሰገነውንም የሚያስጠነቅቀውንም፣ የኑሮ ውድነት ላስጨነቀው ሁሉ ይጠቅማል ብዬ እዚህ አሰፍራለሁ።

መርካቶ ዛሬ በምናውቀው ስፍራ የተደራጀው በጣልያን ወረራ ዘመን፣ የከተማው ትልቅ ገበያ ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ወደ ምዕራብ እንዲዛወር በተደረገ ጊዜ ነው። ሸቀጡ በየተራው ተለይቶ ይሸጣል፦ ሸማው በሸማ ተራ፣ በርበሬው በበርበሬ ተራ፣ ጎማው በጎማ ተራ። ምናለሽ ተራ ግን ስሙን ያገኘው ከሸቀጥ ሳይሆን «ምን አለሽ?» ከሚለው ጥያቄ መሆኑ ይነገራል፤ ለእኔም ከዚህ የተሻለ የሚገልጸው ስም የለም። በየሰፈሩ ማለዳ ማለዳ «ቆራሌው!» እያለ የሚዞረው ልጅ፣ ጥሪው «ቆርቆሮ ያለው» ከማለት ያጠረ ነው፣ ከየቤታችን የሚሰበስበው ጣሳ፣ ጠርሙስ፣ የተሰበረ ብረትና የተቀደደ ባልዲ ከሚያርፍባቸው ስፍራዎች አንዱ ይህ ተራ ነው። እዚያ ተቆርጦ፣ ተቀጥቅጦና ተበይዶ መዛቂያ፣ ወንፊት፣ ኩራዝ፣ ምድጃ፣ አክንባሎ፣ የቡና መቁያ ይሆንና ተመልሶ ወደ ቤታችን ይገባል። በሌላ አነጋገር በትንሽ ሳንቲም ሸኝተነው የነበረውን የራሳችንን ጣሳ ቅርጹን ለውጦ ስናገኘው በብዙ ብር መልሰን እንገዛዋለን።

የአክስቴ ብልጠት ያረፈው በዚህ ዙር ላይ ነው። ዕቃውን ለመግዛት አይሄዱም፤ ቁሱን ይዘው ይሄዱና የሚከፍሉት የእጅ ዋጋ ብቻ ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ እንዲህ ሲያደርጉ መኖራቸውን የነገሩኝ በዚያ ጠዋት መንገድ ላይ ነበር፤ እኔ ግን ይህን ሁሉ ዘመን በኩሽናቸው ያሉትን መልካም መልካም ዕቃዎች ሁሉ በውድ የተገዙ አድርጌ እቆጥር ነበር።

ምናለሽ ተራን ለማግኘት ብዙ መጠየቅ አያስፈልግም፤ ከአውቶቡስ ተራ በኩል በእግር ለሚመጣ ሰው የመዶሻው ድምፅ ራሱ ይመራል። ከውስጥ ሲገባ መንገዱ ጠባብ ነው፤ በግራና በቀኝ የተከመረው ላሜራ፣ ጀሪካን፣ የመኪና ጎማና የበር ማጠፊያ ሰው ከሰው ጋር ተጠጋግቶ እንዲያልፍ ያስገድዳል። ድምፁ ለአዲስ መጪ ከባድ ነው፤ ቀኑን ሙሉ በዚያ መካከል ጆሯቸውን ሳይሸፍኑ የሚሠሩትን ወጣቶች ሳይ ልቤ ያዝናል።

ምድጃችንን የተቀበለን ባለሙያ ገልብጦ አየው፣ ጎኑን በመዶሻ ጫፍ መታ መታ አደረገና «እማማ፣ ጎኑ ምንም አልሆነም፤ ታቹን ብቻ ልቀይርልዎት» አለ። እኔ ይዤው የመጣሁትን ቁራጭ የጣሪያ ቆርቆሮ ለታች እንዲያደርግልን ስጠይቀው ግን ራሱን ነቀነቀ። የጣሪያ ቆርቆሮ ስስ ስለ ሆነ ፍም ሲያርፍበት በጥቂት ወራት ውስጥ እንደሚበላ፣ ለታች የሚሆነው የበርሜል ላሜራ መሆኑን አስረዳኝ፤ ቆርቆሮዬን ለሌላ ሥራ እንደሚፈልገውና በላሜራው ዋጋ ላይ እንደሚያስብልኝም ጨመረ። ዝም ብሎ ያልሁትን ቢያደርግልኝ ከሁለት ወር በኋላ ተመልሼ ሌላ እከፍል እንደ ነበር ሳስብ፣ ይህ ሐቀኝነት ከማናቸውም ቅናሽ በላይ ነው። መጀመሪያ የጠየቀን 250 ብር ነበር፤ በእኛ ቆርቆሮ ልዋጭነትና በአክስቴ ክርክር በ150 ብር አለቀ። ሁለቱን የዘይት ጣሳዎች ደግሞ አንዱን የአመድ መዛቂያ፣ ሌላውን ታቹን በሚስማር በስቶ ወንፊት አደረገልን፤ ለሁለቱ 60 ብር ከፈልን።

ወንፊቱ የአክስቴ ሐሳብ ነው፤ ስለዚህም ትንሽ ልቆይበት እወዳለሁ። በብዙ ቤት ቡና ተፈልቶ ካበቃ በኋላ ምድጃው ላይ የቀረው ፍም በላዩ ውሃ ይደፋበታል፣ ወይም ከአመዱ ጋር አብሮ ይጣላል። እርሳቸው ግን ፍሙን በክዳን አፍነው ያጠፉታል፤ ሲቀዘቅዝ አመዱን በወንፊቱ ነፍተው የተረፈውን ከሰል ያስቀምጡታል። እንዲህ የተጠራቀመው ከሰል በቀላሉ ስለሚቀጣጠል ለማግስቱ እሳት ማያያዣ ይሆናል፤ አመዱም ድስት መፈተጊያ ነው። እኔ ይህን ከጀመርሁ ወዲህ ለማያያዣ የሚሆን ነገር ገዝቼ አላውቅም።

ለሁለተኛ ጊዜ የሄድሁት ለአክንባሎ ነበር። በግቢያችን ጥግ ለዓመታት የውሃ ማጠራቀሚያ ሆኖ ያገለገለና ታቹ ዝጎ የተቀደደ ባለ 200 ሊትር በርሜል ነበረ። ቆራሌው ሁለት ጊዜ ጠይቆኝ ልሰጠው ስል አክስቴ ከልክለውኛል። የዚህ በርሜል ጎን ተቆርጦ ሲዘረጋ ርዝመቱ 180፣ ስፋቱ 88 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ላሜራ ይወጣዋል። ከዚህ ላይ ለምጣዳችን ልክ የሆነ አክንባሎና አንድ መካከለኛ ምድጃ ተሠርቶልኝ፣ የተረፈው ቁራጭ ለባለሙያው ቀርቶ፣ በአጠቃላይ 400 ብር ከፈልሁ፤ ጋሪ የገፋልኝ ልጅ ሌላ 150 ብር ወስዷል። በመደብር አክንባሎው ብቻውን 700 ብር ተብዬ ነበር። ልዩነቱ በዚህ አያበቃም፤ በመደብር የሚሸጠው ላሜራ ስስ በመሆኑ ጠርዙ ቶሎ ይጣመማል፣ ሲጣመምም እንፋሎት ያፈተልካል፣ እንጀራውም ዓይን አያወጣም። ከበርሜል የተሠራው ከባድ ነው፤ ክብደቱ ለአክስቴ ክንድ ስለሚያስቸግር እጀታው ከፍ እንዲልና በጨርቅ እንዲጠቀለል ማስደረግ ነበረብን።

ሆኖም ስለ ምድጃው አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ትክክለኛ ግምገማ አይሆንም። ከላሜራ ብቻ የተሠራ ምድጃ ርካሽ ነው፣ ግን ሙቀቱን በጎኑ ስለሚበትን ከሰል ይፈጃል። በውስጡ የሸክላ ሽፋን ያለው «ላቀች» የተባለው ምድጃ ከተራው ይልቅ ከሰል በሩብ ያህል እንደሚቆጥብ የታወቀ ነው፤ ይህም ማለት በተራው ምድጃ አራት ማዳበሪያ ከሰል የሚፈጅ ቤት በላቀች በሦስት ሊብቃቃ ይችላል። ስለዚህ ከሰል በየቀኑ የሚያነድ ሰው ለምድጃ መግዣ የሚቆጥበው ገንዘብ በከሰል ተመልሶ እንደሚወጣበት ማወቅ አለበት። እኛ ለዕለት ወጥ ላቀችን፣ ለቡናና ለእንግዳ ቀን ደግሞ የታደሰውን አሮጌ ምድጃ እንጠቀማለን። አሁን ሁለቱንም አብሮ የሚያስኬድ ብልጠት እያሰብሁ ነው፦ በበርሜል ላሜራ የተሠራውን መካከለኛ ምድጃ ለሸክላ ሠሪ ወስጄ ውስጡን በልኩ ላስለብሰው። ገና አልሞከርሁትም።

የዋጋ ክርክርን በሚመለከት የአክስቴ ሥርዓት ጠንካራ ነው። በቁሱ ዋጋ ላይ እስከ መጨረሻው ይከራከራሉ፤ በእጅ ዋጋ ላይ ግን አንድ ጊዜ ብቻ «ቀንስልኝ ልጄ» ይላሉና ባለሙያው የሚለውን ይቀበላሉ። ከዚያ በኋላ የሚጠይቁት ምርቃት ነው። ምርቃቱ ደግሞ ለሰጪው የማይከብድ፣ ለእርሳቸው የሚጠቅም ነገር መሆን አለበት፦ ሁለት ብሎን፣ አንድ የፍም መቆስቆሻ የሚሆን ቀጭን ብረት፣ ወይም የላላውን የድስት እጀታ በሁለት ምት ማጥበቅ። ይህን የድስት ነገር ከቤት ሲወጡ አስበውበት፣ እጀታው የላላውን ድስት በቦርሳቸው ይዘውት ነበር! «የማርያም ገበያ ያድርግልህ» ብለው መርቀው ሲለያዩም ባለሙያው ከልቡ «አሜን እማማ፣ ሌላ ቀንም ይምጡ» አላቸው። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገና ብሩ ከወደቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ የወጥ ቤት ዕቃ ዋጋ ምን ያህል እንደ ተሰቀለ ሁላችንም እናውቃለን፤ ይህ ሰው ግን እዚያው በአገር ውስጥ ቁስ ያንኑ ሥራ ይሠራል። የእርሱን የቀን እንጀራ እየቀነሱ መቆጠብ ለእኔም አይዋጥልኝም።

ከጎማ ስለሚሠራው በረባሶ በአጭሩ፦ ለግቢ ሥራና ለጭቃ ከእርሱ የሚሻል አላገኘሁም፤ ሆኖም የውስጡ ጠርዝ እግር ስለሚልጥ ሲገዙ በምላጭ እንዲያለሰልሱልዎት ይጠይቁ።

አሁን የማልመክረውን ልናገር። ሦስተኛው ጉዞዬ ያሳዘነኝ በጀሪካን ነው። አንድ ሻጭ «የዘይት ነበር፣ ታጥቧል» ብሎ የሸጠልኝን ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቤት ወስጄ በሙቅ ውሃና በሳሙና ሦስት ጊዜ አጠብሁት፤ ሙቅ ውሃ በገባበት ቁጥር ግን የዘይት ያልሆነ፣ አፍንጫ የሚወጋ ሽታ ይወጣው ነበር። ምን እንደ ነበረበት ማወቅ ስላልቻልሁ በሚስማር በስቼ፣ ማንም ውሃ እንዳይቀዳበት አድርጌ ጣልሁት። ፀረ ተባይና ሌላ ኬሚካል የያዘ ዕቃ በምንም ዓይነት እጥበት ለምግብና ለውሃ አይሆንም። ስለዚህ ለመጠጥ ውሃም ሆነ ለዘይት ማስቀመጫ የሚሆን ያገለገለ ጀሪካን ከዚያ አትግዙ፤ በርሜልም ቢሆን ለምድጃና ለአክንባሎ ከመቆረጡ በፊት ምን ይዞ እንደ ነበር ጠይቁ፣ ያላወቃችሁትን ተዉ። የራስን ቁስ ይዞ የመሄድ ትልቁ ጥቅም ለእኔ የታየኝ በዚህ ነው፤ ምን እንደ ነበረበት ታውቁታላችሁ።

ተመሳሳይ ጥንቃቄ ከተሰባበረ ብረታ ብረት ቀልጠው ለሚሠሩ ድስቶችም ያስፈልጋል። እንዲህ ያሉ ድስቶች እርሳስ ወደ ምግብ ሊለቁ እንደሚችሉ በተለያዩ የአፍሪካ አገሮች በተደረጉ ምርመራዎች ታይቷል፤ እርሳስ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው የሕፃናትን አእምሮ ነው። ልጅ ላለበት ቤት ድስት በዚህ መንገድ መቆጠብ ተገቢ አይመስለኝም፤ ቲማቲምና ሎሚ የሚገባበት ወጥማ ጭራሹን አይሠራበት። ወጪ የምቀንስባቸው ዕቃዎች ምግቡን ራሱን የማይነኩት ናቸው፦ ምድጃ፣ መዛቂያ፣ የአመድ ወንፊት፣ መቆስቆሻ፣ የበር ማጠፊያ።

ለሚሄድ ሰው ጥቂት ምክር ልጨምር። ማለዳ መሄድ ይሻላል፤ ባለሙያው ገና ሥራ ስላልተደራረበበት ዓይናችሁ እያየ ይሠራላችኋል። ቅዳሜ ሰው ይበዛል፣ እሁድ አብዛኛው ዝግ ነው፤ የዘመን መለወጫና የፋሲካ ዋዜማ ደግሞ ዋጋውም ግፊያውም ይጨምራል። በክረምት መንገዱ ጭቃ ስለሚሆን ጫማችሁን አስቡበት። ብራችሁን ከፋፍላችሁ በተለያየ ኪስ ያዙ፤ ስልክም በእጅ ይዞ መቆም አይመከርም። ዕቃውን ትታችሁ ለሌላ ጉዳይ የምትሄዱ ከሆነ በላዩ ላይ ምልክት አድርጉበት፤ እኔ ክር አስሬበት ነበር፣ ስመለስም ያው ክር ታስሮበት አገኘሁት።

ምድጃው ዛሬ ድረስ ያገለግላል። በታደሰ በስድስተኛው ወር አንደኛው እግሩ ላልቶ ወደዚያው ባለሙያ ስወስደው የሠራው እርሱ መሆኑን ገና ከሩቅ አይቶ አወቀው፤ አጥብቆ መለሰልኝና ገንዘብ ስዘረጋለት «ይኼማ የኔ ሥራ ነው፣ እህቴ፤ እማማን ሰላም በይልኝ» አለኝ።