ከባሕር ማዶ ሆኖ ድሬዳዋ ላይ ቤት ማሠራት፦ በዘመድ፣ በኮንትራክተር ወይስ በእጅ ዋጋ?

ቶሮንቶ የምንኖር የድሬ ልጆች ቡና ላይ በተቀመጥን ቁጥር «ቤቱን ለማን ሰጥተህ አሠራኸው?» የሚለው ጥያቄ ይነሣል። እኔ ሳቢያን ያለውን ቤቴን በሁለት መንገድ አሠርቻለሁ፤ ሦስተኛውን የሞከረው ጓደኛዬ ነው። ከወዲሁ ለመናገር፣ ምርጫዬ ግንባታውን በእጅ ዋጋ፣ ማለትም ለጉልበቱ ብቻ በመክፈል ሰጥቶ ዕቃውን በራስ ገንዘብ መግዛትና ደመወዙን ከባለቤቱ ብቻ የሚቀበል መሐንዲስ መቅጠር ነው።

አጥሩንና መሠረቱን ያሠራልኝ የአክስቴ ልጅ ነበር። ዘመድ ደመወዝ ስለማይጠይቅ ርካሽ ይመስላል። ሌባም አልነበረም፤ ሆኖም ፌሮውን በሚዛን ሳይሆን በቁጥር ገዛ። ባለ 12 ሚሊሜትር ፌሮ በሜትር 0.888 ኪሎ ስለሚመዝን 12 ሜትር የሚረዝመው አንዱ ዘንግ 10.66 ኪሎ ገደማ መሆን ነበረበት፤ ኋላ የቀጠርሁት መሐንዲስ ከተረፉት አንዱን ሚዛን ላይ ሲያወጣው ግን 9.4 ኪሎ ሆኖ ተገኘ። ይህ በ180 ዘንግ ሲባዛ ከ220 ኪሎ በላይ ጉድለት ነው፤ ኪሎውን በወቅቱ በገዛንበት 120 ብር ብናስበው ከ26,000 ብር በላይ ላልተረከብሁት ብረት ከፍያለሁ። ከገንዘቡ ይበልጥ የቆጨኝ ቀጭኑ ፌሮ መሠረቱ ውስጥ መቀበሩ ነው፤ መሐንዲሱ ስሌቱን እንደገና ሠርቶ፣ ወደፊት አንድ ፎቅ የመጨመር ሐሳቤን እንድተወው ነገረኝ። ዘመድን ደረሰኝ መጠየቅም የራሱ ዋጋ አለው፤ አክስቴ «ልጄን ሌባ አደረግኸው» ብለው ሁለት ፋሲካ ስልኬን አላነሡም።

ጓደኛዬ ዕቃውንም እጁንም አጠቃልሎ በ3.9 ሚሊዮን ብር ከአንድ ኮንትራክተር ጋር ተዋዋለና ግማሹን በቅድሚያ ከፈለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሬውን ተመን ለገበያ ሲለቅ ኮንትራክተሩ ጭማሪ ካልተከፈለው እንደማይቀጥል አስታወቀ፤ ውሉ ስለ ዋጋ ማስተካከያ አንድም ቃል አልነበረውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚልከው ዶላር ብዙ ብር ቢያወጣለትም፣ ቅድሚያ የከፈለው ግማሽ በአሮጌው ምንዛሬ የተላከ ነበርና አልጠቀመውም፤ ኮለኖቹም (ምሰሶዎቹም) ፌሯቸው ወደ ሰማይ እንደ ቆመ ዝገው ከረሙ። አገር ቤት አንድም የሚታመን ሰው ለሌለው ይህ መንገድ አማራጭ ሊሆን ይችላል፤ ያም ቢሆን ክፍያው መሠረት፣ ኮለን፣ ሶሌታ (በኮለኖቹ ላይ የሚሞላው ኮንክሪት) እና ጣሪያ እየተባለ በሥራው ደረጃ መከፈል አለበት።

በእጅ ዋጋ ያሠራሁት የእኔ ቤት በስፋት ከጓደኛዬ ቤት ጋር እኩል ሆኖ፣ ከምንዛሬው ለውጥ በፊት በ3.4 ሚሊዮን ብር አለቀ። መሐንዲሱ በሳምንት ሦስት ቀን እየተገኘ በወር 12,000 ብር፣ በዘጠኝ ወር 108,000 ብር ወስዷል፤ ብዙዎች የሚሣሡት ለዚህች ገንዘብ ነው። እርሱ ግን ከደረቁ ወንዝ የሚጫነውን አሸዋ ሳይፈትሽ አያስራግፍም ነበር፦ ሃይላንድ ውስጥ በውሃ በጥብጦ ያሳድረዋል፤ ጭቃው ከላይ ሲሰፍር ከ6 በመቶ ከበለጠ መኪናው ይመለሳል። አንድ ጊዜ ደግሞ የመብራት ሽቦ ጥቅል ላጥ አድርጎ ፎቶ ላከልኝ፤ መዳብ መሳይ ቀለም የተቀባ አሉሚኒየም ነበር። ሻጩ የመለሰልን ደረሰኝ ስለነበረን ነው።

ሶሌታው የተሞላው ከሙቀቱ ለመሸሽ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ነው፤ እኔ ዘንድ ለእኩለ ሌሊት አንድ ሰዓት ይቀር ነበር። በቪዲዮ ሆኜ ለአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ሁለት ሣጥን አሸዋና ሦስት ሣጥን ጠጠር መግባቱን ስቆጥር አነጋሁ። ድሬ ላይ ትልቁ ሥራ የሚመጣው ግን ከዚያ በኋላ ነው፤ ኮንክሪቱ ጆንያ ለብሶ ቢያንስ ለሰባት ቀን ካልረጠበ ፀሐዩ ውሃውን ቀድሞ ይመጠውና ይሰነጠቃል። የቧንቧ ውሃ ሲጠፋ ቦቴ ማስመጣት ስለሚያስፈልግ ይህን ወጪ አስቀድሞ መያዝ ይገባል። ሐረር ወይና ደጋ ስለሆነ ሙቀቱ ይቀንሳል፤ ጀጎል ውስጥ ቦታ ያለው ግን ጥንታዊው ከተማ ከነግንቡ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ የዓለም ቅርስ መሆኑን አስቦ ከፈቃዱ መጀመር አለበት።

የትኛውም መንገድ ቢመረጥ በኤምባሲ ወይም በቆንስላ የሚሰጥ ውክልና ያስፈልጋል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ጠቅላላ ውክልና ከአስተዳደር ሥራ አያልፍም፤ ቤት ለመሸጥ ወይም ለማስያዝ ልዩ ውክልና ግድ ነው። ስለዚህ በልማድ የሚገለበጠውን «የመሸጥ፣ የመለወጥ» የሚለውን ሐረግ አውጡት። ገንዘቡን የሚያንቀሳቅሰው፣ ዕቃውን የሚረከበውና የሚሠራው ደግሞ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ፤ በእኔ ሥራ ገንዘቡ በእኅቴ፣ ርክክቡ በመሐንዲሱ፣ ሥራው በግንበኛው እጅ ነበር።

ለጣሪያ ሠሪው ከሚከፈለው አንድ አሥረኛውን የክረምቱ ዝናብ ጣሪያውን እስኪፈትነው፣ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ያዙ። የእኔው ሁለት ጊዜ ቆርቆሮው ላይ ወጥቶ ምስማሮቹን ከደፈነ በኋላ ነው ቀሪውን የተቀበለው።