አንድ ካብ በአምስት ማቴሪያል፦ በደብረ ብርሃን የተከታተልኩት የሥዕል ሥልጠና

በደብረ ብርሃን ከተማ አንድ አነስተኛ የሥዕል ስቱዲዮ ቅዳሜና እሑድ የሚሰጠውን፣ የራስን የአሣሣል ስልት ለማግኘት ይረዳል የተባለ ሥልጠና ተከታትዬ ጨርሻለሁ። ቀለምና ብሩሽ የማያስፈራው፣ ነገር ግን ሥራዎቹን ጎን ለጎን ሲያስቀምጣቸው የተለያዩ ሰዎች የሣሏቸው የሚመስሉት ሠዓሊ ጊዜውንና ገንዘቡን ቢያወጣበት ይጠቀም እንደሆነ የታዘብኩትን እጽፋለሁ። የስቱዲዮውን ስም አላነሣም፤ በከተማዋ እንዲህ ያለ ሥልጠና የሚሰጥ ሌላ ቤት ስላላየሁ፣ የፈለገ ሰው ጠይቆ አያጣውም።

ማስታወቂያው ስልት እንደ ጫማ ተለክቶ የሚገዛ ያስመስለዋል። ሥልጠናው ግን ከማስታወቂያው የተሻለ ነው፤ የተሻለ ያደረገውም አንድ ጥብቅ ደንብ ነው። ሠልጣኙ በመጀመሪያው ዕለት የሚሣለውን ነገር ይመርጣል፤ ከዚያ በኋላ ማቴሪያሉ ይለዋወጣል እንጂ የመረጠው ነገር አይለወጥም። አንዲት ሠልጣኝ የአያቷን ጋቢ፣ አንድ ወጣት ኩበት የተጫነች አህያ፣ እኔ ደግሞ በመንዝ በየበረቱ ዙሪያ የሚታየውን የድንጋይ ካብ መረጥን። ያንኑ ካብ በከሰል፣ በእንቁላል ቀለም፣ በአክሪሊክ ቀለም፣ ሊኖሊየም በሚባል ንጣፍ ላይ ተቀርጾ በሚታተመው የሊኖ ሕትመትና በሱፍ ሽመና ሠራሁት። ደንቡ አሰልቺ ይመስላል፤ ነገር ግን የሚሣለው ነገር አንድ ሆኖ ሲጸና፣ ከሥራ ወደ ሥራ የሚለዋወጠው የማቴሪያሉ ድርሻ፣ ሳይለወጥ የሚቀረው ደግሞ የሠዓሊው ድርሻ መሆኑ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

የከሰሉ ክፍለ ጊዜ ከሌላ ቦታ ከሚሰጠው ብዙም አይለይም። የሥልጠናው ጥንካሬ የሚታየው በእንቁላል ቀለሙ ላይ ነው። ሁላችንም «ጋሼ» እያልን የምንጠራቸው አሠልጣኝ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ያደጉ በመሆናቸው፣ አቡጀዲውን በሙጫ ከማልበስ ጀምሮ አስኳሉን ከነጩ ለይቶ ከቀለም ዱቄትና ከውኃ ጋር እስከ ማዋሐድ ድረስ ያለውን ሁሉ ተማሪው በእጁ እንዲሠራው ያደርጋሉ። የእንቁላል ቀለም በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚደርቅ፣ እንደ ዘይት ቀለም አንዱን ከሌላው ጋር እያሹ ማለስለስ አይቻልም፤ ያለው ምርጫ ወይ ቀለሙን ወጥ አድርጎ መሙላት፣ ወይ ቀጫጭን መስመሮችን ጎን ለጎን እየደረደሩ ጥላ ማውጣት ነው። በዚህም ምክንያት የእያንዳንዱ ሰው የእጅ ጠባይ ምንም መደበቂያ አያገኝም። ከአጠገቤ የነበረችው ሠልጣኝ መስመሮቿን አጫጭርና ጥቅጥቅ አድርጋ ስትደረድር፣ የእኔዎቹ ረጃጅምና ሁልጊዜም ወደ አንድ ወገን ያጋደሉ ነበሩ።

በዚሁ ክፍለ ጊዜ ጋሼ ያነሡት ነጥብ ለሥልጠናው ከከፈልኩት ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚያወጣ ነው። በሀገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደንቡ የጠበቀ ነው፦ ጻድቃን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ፊት ለፊት ይሣላሉ፣ ክፉዎች በአንድ ዓይን በጎን ይታያሉ፤ መጀመሪያ ንድፉ ይወጣል፣ ቀጥሎ ቀለሙ ይሞላል፣ በመጨረሻም ጥቁሩ መስመር ይሰመራል። ደብረ ብርሃንን በመሠረቱት በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የነበረው ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን ግን በዚህ ሁሉ ደንብ ውስጥ ሆኖ እጁ ይለያል። ስሙ የተጻፈበት ሥዕል በጣና ሐይቅ በደጋ እስጢፋኖስ ይገኛል፤ ስም የሌለባቸውን ሌሎች ሥዕሎች ደግሞ ተመራማሪዎች ከዚያ ሥዕል ጋር እያስተያዩ የእርሱ ወይም በእርሱ ዙሪያ የነበሩ ሠዓሊያን ሥራ ናቸው ይላሉ። የራስ ስልት ከደንብ በማምለጥ ብቻ ይገኛል የሚለውን የተለመደ አስተሳሰብ ከዚህ በተሻለ የሚያፈርስ ማስረጃ አላየሁም።

በአክሪሊኩ ላይ ግን ቅሬታ አለኝ። የቀረበልን ቀለም ርካሽ ዓይነት ከመሆኑም በላይ፣ ስቱዲዮው የከተማዋን አየር ያሰበበት አይመስልም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው የሌሊት ብርዷም የታወቀ ነው። አክሪሊክ የሚደርቀው ውኃው ሲተንና በውስጡ ያሉት ጥቃቅን የፕላስቲክ ቅንጣቶች ተጣብቀው አንድ ሽፋን ሲሆኑ ነው፤ ሙቀቱ ከ9 ወይም ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ከወረደ ቅንጣቶቹ በደንብ ስለማይያያዙ ሽፋኑ ይሰነጠቃል ወይም ዱቄት ይሆናል። ሥራዎቻችን ማሞቂያ በሌለው ክፍል እርጥብ እንዳሉ እንዲያድሩ በመደረጉ፣ የጋቢው ሥዕል ጠርዙ እየተቀረፈ ተነሣ። አንዲት አነስተኛ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይህን ሁሉ ታስቀር ነበር።

የሊኖው ሕትመት መቅረጫዎቹ ከመደነዛቸው በቀር ጥሩ ነው፤ ምስሉ ተገልብጦ ስለሚታተም ሰው የለመደውን የቅንብር ሚዛን እንደ አዲስ እንዲያየው ያስገድደዋል። ከሁሉ በላይ ያስደነቀኝ ግን የሱፉ ክፍል ነው። ለዚህ የሚመጡት በመንዝ ባና የተባለውን ወፍራም የሱፍ ልብስ ሲሠሩ የኖሩ አዛውንት ሸማኔ ሲሆኑ፣ ክሩም የመንዝ በግ ጠጉር በተፈጥሮ ቀለሙ፣ ማለትም ጥቁር፣ ቡናማና ነጭ ነው። ለመልበሻ የሚሠራው ባና ሥዕል አይፈልግም፤ ምስል እየለዩ መሸመኑ ስቱዲዮው የጨመረው ነው። ቀለም መቀየጥ የለም፣ መደምሰስ የለም፤ የተሠራው መስመር ላይ ሌላ ሲደረብበት ነገሩ አለቀ። የድንጋዬን ክብ ጠርዝ ለማውጣት ስታገል አዛውንቱ አይተው፣ «ልጄ፣ ማጉ ወዲያና ወዲህ እንጂ ዙሪያውን አይሄድም፤ ድንጋይሽን ደረጃ አድርጊው» አሉኝ። ደረጃ ሲሆን ካቡ ከሥዕሎቼ ሁሉ ይልቅ ካብ መሰለ።

በመጨረሻው ዕለት የሁሉም ሥራ ስም ተሸፍኖበት ወለል ላይ በረድፍ ተነጠፈ። በእኔ ረድፍ ከከሰሉ እስከ ሱፉ ድረስ አድማሱ ወደ ላይኛው ጠርዝ ተገፍቷል፤ ሰማይ የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ ከባዱ ጨለማ ሁልጊዜ ከታች በቀኝ በኩል ነው። በሽመናው እንኳ ማንም ሳያዝዘኝ ከታች በጥቁር ጠጉር ነው የጀመርኩት። ጋሼ የት እንዳደግሁ ጠየቁኝና ጣርማ በር አካባቢ መሆኑን ስነግራቸው፣ ከገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ቆላውን ቁልቁል ሲያይ ያደገ ሰው ከሰማይ ይልቅ ምድር ይበዛበታል አሉ። ማብራሪያው ከልኩ በላይ የተለጠጠ ይመስለኛል፤ አድማሱ ግን በአምስቱም ሥራ ላይ እዚያው ነው።

ጋሼ ለአብነት ያሳዩን የሁለት ሠዓሊያን ሥራ ነው። እስክንድር ቦጎሲያን በሸራ ብቻ ሳይወሰን በቆዳ፣ በዛፍ ልጥ ጨርቅና በብረትም ሠርቷል። አፈወርቅ ተክሌ ደግሞ የዚሁ የእኛው አካባቢ ሰው ነው፤ በ1925 ዓ.ም. አንኮበር ተወልዶ በለንደን ተምሮ፣ በዘይት ቀለም፣ በሐውልት፣ በሞዛይክና በመስታወት ሠርቷል። በአዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ የሚታየው 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነው ባለቀለም መስታወቱ ብርሃንን በማዕዘን በማዕዘን የሚከፋፍልበት መንገድ በሸራ ሥዕሎቹም ላይ ይታየኛል። ስቱዲዮው ግን ይህን ሥራ ያሳየን በደበዘዘ የወረቀት ኅትመት ነው፤ ብርሃን አሳልፎ ካልታየ ግማሹ የሚጠፋን ሥራ እንዲህ ማሳየት ተገቢ አይደለም። አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ሆና ሳለ የአንድ ቀን ጉብኝት የሥልጠናው አካል ቢሆን ተጨማሪ ከፍዬ በሄድኩ ነበር።

ዋናው ጉድለት ሌላ ነው። ጋሼ ንድፍ ሲያርሙ በቃል ከመናገር ይልቅ ከሰሉን ተቀብለው በተማሪው ወረቀት ላይ ራሳቸው ያሰምራሉ። እጃቸው ጠንካራና የሚማርክ ስለሆነ፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ የብዙዎቻችን ሥራ የእርሳቸውን ወፍራም ጥቁር መስመርና ሰፊ ጥላ መያዝ ጀመረ። ኩበት የጫነችው አህያ በከሰል ስትጀመር የወጣቱ ነበረች፤ ለሊኖ ስትደርስ ግን የጋሼ አህያ ሆናለች። የተማሪውን የራስ ስልት ለማውጣት የተቋቋመ ሥልጠና ይህን በቸልታ ማለፍ የለበትም። ወረቀቱ ላይ ስስ ወረቀት ደርቦ እርማቱን እዚያ ላይ ማሳየት ይቻላል፤ ይህንንም በትሕትና ሳነሣላቸው «እውነትሽን ነው» ብለው ተቀብለውኛል። በተረፈ በታብሌት ስለ መሣል ተብሎ በመጨረሻ የተጨመረው ክፍለ ጊዜ አንድ መሣሪያ ለሁሉም እየተዟዟረ የተሰጠ ስለሆነ ባይኖር ይሻላል።

ክፍያው በመምህር ደመወዝ ለሚኖር ሰው ቀላል አይደለም፤ ይሁን እንጂ ሱፉን፣ ሊኖውንና የቀለም ዱቄቱን ስለሚያካትት ተወደደ አልልም። ሥዕልን ከሀ ብሎ ለሚጀምር አልመክረውም፤ በአንድ ማቴሪያል ቢያንስ እጁን ያፍታታ ሰው ግን ይጠቀምበታል። መመዝገብ የሚፈልግ ብርዱ ካለፈ በኋላ፣ ከየካቲት ወዲህ ባለው ዙር ቢገባ፣ የራሱን አክሪሊክና የተሳለ የሊኖ መቅረጫ ይዞ ቢሄድ ይሻላል። የሱፉን ክር የሚመርጡት ሠልጣኞች በተራ ስለሆነና ጥቁሩ ቶሎ ስለሚያልቅ፣ በዚያን ዕለት ማልዶ መድረስ ያስፈልጋል።