ጠመኔ እበላ ነበር፤ ለጠየቀችኝ ጤና መኮንን ምስጋና

ይህንን ስጽፍ እንደማፍር አልደብቅም። ደብረ ብርሃን ውስጥ የሁለተኛ ክፍል መምህርት ነኝ፤ ለአንድ ዓመት ያህል ጠመኔ እበላ ነበር። ቀምሼ የተውኩት እንዳይመስላችሁ፤ አንዳንዱን ሳምንት ግማሽ ፓኮ እጨርሳለሁ። ሰሌዳ ስጠርግ ብናኙ ሲሸተኝ አፌ ምራቅ ይሞላል። ልጆቹ ለእረፍት ሲወጡ በሩን ገርበብ አድርጌ እቆረጥማለሁ። አንድ ቀን ከፊት የምትቀመጥ ልጅ «ቲቸር፣ ከንፈርሽ ነጭ ሆኗል» ስትል ክፍሉ አውካካ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ።

ቤት ውስጥ የምታውቀው እናቴ ብቻ ነበረች። «አምሮት ነው፤ አርግዘሽ ይሆናል» ትለኛለች። አላረገዝኩም። ዳገት ስወጣ ልቤ ይደልቃል፣ ፊቴ ገርጥቷል፣ ፀጉሬ ይረግፋል። አንድ ክሊኒክ የጨጓራ መድኃኒት ሰጥቶ ሸኘኝ። ስለ ጠመኔው የጠየቀኝ አልነበረም፤ እኔም አልተናገርኩም። ልጆችን «አፈር አትብሉ» እያለ የሚቆጣ ሰው እንዴት ብሎ ይናገረው?

በኋላ ጤና ጣቢያ ያገኘኋት ጤና መኮንን ግን ጠየቀችኝ። የታችኛውን የዐይኔን ቆብ ሳብ አድርጋ አየች፣ ጥፍሬን አገላበጠች፤ ከዚያ ካርዱ ላይ እየጻፈች፣ ቀና ሳትል፣ «እህቴ፣ ከምግብ ውጭ የምትበዪው ነገር አለ? አፈር፣ ከሰል፣ በረዶ፣ ጥሬ ሩዝ?» አለችኝ። ቀና አለማለቷ ነው የረዳኝ። ዐይን ለዐይን ብንተያይ ኖሮ እዋሻት ነበር። «ጠመኔ» ስላት «ስንት ጊዜ ሆነሽ?» ብላ መጻፏን ቀጠለች።

ሄሞግሎቢኔ (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚያመላልሰው ንጥረ ነገር) 7.8 ሆኖ ተገኘ። ለአዋቂ ሴት ከ12 በታች ደም ማነስ ነው፤ እንደኛ ደጋ ላይ ለሚኖር ሰው ደግሞ መለኪያው ከዚያም ከፍ ይላል። የወር አበባዬ ብዙ መሆኑንና ምግብ እንደበላሁ ወዲያው ቡና እንደምጠጣም አውጣጣችኝ፤ ቡና በምግብ ውስጥ ያለው ብረት፣ ማለትም ሰውነት ደም የሚሠራበት ንጥረ ነገር፣ በደንብ ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳል። ለማኅፀን ምርመራም ላከችኝ።

ጠመኔ የመብላቱ ሕመም ፒካ ይባላል፤ ብዙ ጊዜ ከብረት እጥረት ጋር ይያያዛል። ምግብ ያልሆነ ነገር ከአንድ ወር በላይ ደጋግሞ መብላት ሲሆን፣ ከአመጋገብ ሕመሞች አንዱ ነው። ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን አፈር ወደ አፉ ቢወስድ ከዚህ አይቆጠርም። እርጉዝ ሴት ከግድግዳ ምርጊት እየፈቀፈቀች ስትበላ ግን «አምሮት ነው» ብሎ ማለፍ አይገባም፤ ከአፈሩ ጋር የወስፋት እንቁላልና እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊገባ ይችላል።

ሕክምናው ከጠበቅኩት በላይ ቀላል ነበር። የአይረን (የብረት) እንክብል በባዶ ሆድ፣ ከብርቱካን ጋር። ቡና ቢያንስ ሁለት ሰዓት ዘግይቶ፤ እውነቱን ለመናገር ከጠመኔው ይልቅ የከበደኝ ይህ ነው። ዐይነ ምድሬ እንደሚጠቁር አስቀድማ ባትነግረኝ ኖሮ በድንጋጤ አቋርጠው ነበር። እንክብሉን ልጆች ከማይደርሱበት እንዳስቀምጥ ሁለት ጊዜ አስጠነቀቀችኝ። ጠመኔ ባማረኝ ቁጥር በደብተር ላይ ጭረት እንዳደርግና ቆሎ እንድቆረጥምም አዘዘችኝ። የመጀመሪያው ሳምንት ገጽ በጭረት ተሞልቷል፤ በአራተኛው ሳምንት ሦስት ብቻ አሉ። ደሜ ከተስተካከለ በኋላም የብረቱ ክምችት እንዲሞላ ተጨማሪ ሦስት ወር አስዋጠችኝ። «በዚህ ካልቆመ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጋር አብረን እንሄዳለን፤ ነውር የለውም» ያለችውም አይረሳኝም፤ የሁሉም ሰው ፒካ በአይረን አይድንምና።

ስሟን እንዳልጽፍ ለምናኛለች። የምትሠራበትን ጤና ጣቢያ በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እነግራለሁ። ሰኞ ወረፋው ያሰለቻል፤ ማክሰኞ ጠዋት በጊዜ ካርድ አውጡ። ደግሞ እንደ እኔ እስክትጠይቃችሁ አትጠብቁ፤ ገና ስትቀመጡ ንገሯት።