ቶሎ ቶሎ ለሚውጥ ውሻ የተሠራው ባለ መሰናክል ሳህን፦ ለእኛ ቤት አመጋገብ ይሆናል?

በቀጥታ ልናገር፤ ሳህኑ ይሠራል። ግን ለሁሉም ዓይነት ምግብ አይሠራም፣ ይሄን ደግሞ ማሸጊያው ላይ አታገኙትም። እዚህ አዲስ አበባ አብዛኛው ሰው ውሻውን የሚያበላው እንጀራ ወይም ሩዝ በመረቅ ነው። ሳህኑ የታሰበው ለደረቁ የፋብሪካ ምግብ ነው። ልዩነቱ ትልቅ ስለሆነ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ይሄን አንብቡ።

ላላያችሁት፣ ክብ የፕላስቲክ ሳህን ነው፤ ውስጡ ጠመዝማዛ ግድግዳዎች አሉት። ምግቡ በግድግዳዎቹ መሃል ይገባል። ውሻው አፉን ሞልቶ መዛቅ አይችልም፤ በምላሱ እየገፋ፣ በአፍንጫው እየፈለገ ትንሽ ትንሽ ነው የሚያወጣው። አሜሪካ ከ10 እስከ 15 ዶላር አካባቢ ይሸጣል። የእኔን የእህቴ ልጅ ከሲልቨር ስፕሪንግ ስትመጣ በሻንጣዋ ይዛልኝ መጣች።

የሚበላበት ነብሮ ነው። የጀርመን ሼፐርድ ክልስ ነው፣ ደረቱ ጥልቅ፣ ወገቡ ቀጭን። ከእኛ ጋር ከመኖሩ በፊት ከብዙ ውሾች ጋር አንድ ገበታ ላይ ነው ያደገው፣ እና ቀድሞ ያልበላ ጦሙን የሚያድርበት ቤት ያደገ ውሻ ብቻውን ሲበላም ቀማኛ ያለበት ይመስለዋል። ነብሮ አያኝክም። ይውጣል። ተራ ሳህን ላይ ስንሰጠው አንድ ደቂቃ እንኳን አይፈጅበትም ነበር፣ ከዚያ ያስለዋል፣ ያገሳል፣ አንዳንዴ ደግሞ በረንዳው ላይ ያንኑ ምግብ ይመልሰዋል፤ የሩዙ ፍሬ ሳይፈርስ፣ እንጀራው ዓይኑ እንኳን ሳይጠፋ።

«ውሻ ሲባል እንዲሁ ነው» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ውሻ እንደ ሰው አላምጦ የሚበላ እንስሳ አይደለም። ግን ትልልቅና ደረታቸው ጥልቅ የሆኑ ውሾች ላይ ነገሩ ከበድ ይላል። ጨጓራቸው በአየር ይነፋና በራሱ ላይ ሊዞር ይችላል፤ ከዞረ የደም ዝውውሩ ይታነቃል፣ በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። አሜሪካ ያለው የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በትልልቅ ዝርያዎች ላይ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተሙት ጥናት ቶሎ መብላትን ከአባባሽ ምክንያቶቹ አንዱ አድርጎ አስቀምጦታል፣ ከዕድሜ መግፋትና በሽታው ከነበረበት የቅርብ ዘመድ ጋር። እዚያው ጥናት ውስጥ ከመሬት ከፍ ያለ ሳህንም አደጋ ከሚጨምሩት መሃል ተቆጥሯል። ስለዚህ ከሳህኑ ጋር ከፍ የሚያደርገውን ማስቀመጫም እንድትገዙ ቢያግባቧችሁ እኔ አልገዛም።

ምልክቱን ደግሞ በቃላችሁ ያዙት። ሆዱ ይወጠራል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ አንድ ቦታ መተኛት ያቅተዋል፣ ለማስመለስ እየታገለ ምንም አይወጣውም። ይሄን ካያችሁ ወተት፣ ዘይት፣ ጤና አዳም ብላችሁ ጊዜ አትፍጁ። ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ቀስቅሱ።

ወደ ሳህኑ ልመለስ። በደረቅ ምግብ ሞከርነው፣ በጣም ጥሩ ነው። ፍሬዎቹ ግድግዳዎቹ መሃል ይደረደራሉ፣ ነብሮ አንድ ጥግ ላይ ያለውን ፍሬ ለማውጣት ጭንቅላቱን አዘንብሎ ምላሱን በጎን ሲያስገባ ማየት ራሱ ያስደስታል። በአንድ ደቂቃ ያልቅ የነበረው ወደ አስር ደቂቃ ሄደ። ሳሉ ጠፋ። ማስመለሱም ቆመ። መጀመሪያ ላይ ተናዶ ሳህኑን በእግሩ ሊገለብጠው ሞክሮ ነበር፣ ታች ያለው ላስቲክ ሴራሚክ ላይ አጥብቆ ስለያዘው አልተቻለውም። አቧራ ባለበት ሲሚንቶ ላይ ግን ላስቲኩ አይይዝም፣ ሳህኑ ግቢውን ሙሉ ይዞራል። ጥግ ላይ አስደግፉት።

በእንጀራ ግን ሌላ ታሪክ ነው። በመረቅ የራሰ እንጀራ ግድግዳዎቹ ላይ ይለጠፋል። ቁራሹ ትልቅ ከሆነ ከላይ ይዘረጋል፣ ውሻው ጫፉን በጥርሱ ይዞ አንድ ጊዜ ይስበዋል፣ አለቀ፤ ከተራ ሳህን በምንም አይለይም። አድቅቃችሁ ከፈተፈታችሁት ደግሞ ጥጉ ውስጥ ይጠቀጠቅና ምላሱ አይደርስበትም። ሩዝ ይሻላል፣ መረቁ ካልበዛ። ነብሮ ጋ በደንብ የሠራልን ሩዝና የተፈጨ ስጋ ጠጠር ብሎ ሲቀርብ ነው። በነገራችን ላይ ወጥ የነካው እንጀራ ለውሻ አትስጡ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ቢበስሉም እንኳን፣ የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ፣ የእኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት የለም። በጾም ወቅት ሽሮ የነካው ትርፍራፊ ብቻ የሚደርሳቸው ውሾች ያሳዝኑኛል።

እጥበቱ ትልቁ ችግር ነው። እንጀራ ወይም ሩዝ ጥጉ ውስጥ ካደረ ይኮመጥጣል፣ ይሸታል፣ ዝንብ ይሰበስባል። በስፖንጅ አይወጣም። እኔ ወዲያው ውሃ ሞልቼ አስቀምጠውና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እፈገፍገዋለሁ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይሄን በቀን ሁለቴ ማድረግ ቀላል አይደለም፣ ይሄን አስቡበት።

ታዲያ እርጥብ ምግብ የምታበሉ ምን አድርጉ? ሰፊ ትሪ ውሰዱ። የድሮ የብረት ትሪ የሌለበት ቤት የለም። ምግቡን ከዳር እስከ ዳር ስስ አድርጋችሁ ቀቡት፣ ክምር አይኑረው። ውሻው መዛቅ ስለማይችል ይልሳል። እንደ ሳህኑ አስር ደቂቃ አያቆየውም፣ ግን ልዩነቱ ይታያል፣ ለማጠብም ቀላል ነው፣ ዋጋው ደግሞ ዜሮ። የኬክ ፎርማ፣ ያ ትንንሽ ጉድጓድ ያለው፣ እሱም ይሆናል፤ እያንዳንዱ ጉድጓድ ውስጥ ትንሽ ትንሽ ማድረግ ነው። ሳህን መሃል ድንጋይ የሚያስቀምጡም አሉ። ድንጋዩ ከውሻው አፍ በጣም የሚበልጥ መሆን አለበት፣ አለዚያ የሚውጥ ውሻ እሱንም ይውጠዋል ወይም ጥርሱን ይሰብርበታል።

ገንዘብ ካላችሁና አንድ ነገር ብቻ ከውጭ የምታስመጡ ከሆነ ግን እኔ ከሳህኑ ይልቅ ኮንግ የሚባለውን ቀይ ላስቲክ አስመጡ እላለሁ። እ.ኤ.አ. በ1976 ኮሎራዶ ውስጥ የተመሠረተ ድርጅት ነው የሚሠራው፤ መሥራቹ ጆ ማርክሃም ሐሳቡ የመጣለት ፍሪትዝ የሚባለው ጀርመን ሼፐርዱ ድንጋይ እያኘከ ጥርሱን ሲጎዳ አይቶ ነው። ውስጡ ክፍት ነው። ሩዝና ስጋ ጠቅጥቃችሁ ፍሪዘር ውስጥ ብታሳድሩት ነብሮን ከሳህኑ በላይ ያቆየዋል፣ እርጥብ ምግብም ይቀበላል። ሙሉ ራቱን ግን አይዝም፣ ግማሹን ብቻ።

ሳህን ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ነገር አረጋግጡ። አንደኛ ትላትል። ሆዱ ውስጥ ትል ያለበት ቡችላ ሁልጊዜ ይርበዋል፣ መድኃኒቱ ደግሞ ከሳህኑ ይረክሳል። ዱሮ ቀስ ብሎ ይበላ የነበረ ትልቅ ውሻ በድንገት ስስታም ከሆነባችሁም ሐኪም ይየው። ሁለተኛ ሰዓት። ብዙ ቤት ውሻ የሚበላው ማታ አንዴ ነው። ሃያ አራት ሰዓት ጠብቆ የመጣለትን ምግብ ቀስ ብለህ ብላ ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። ያንኑ መጠን ጠዋትና ማታ ከፍላችሁ ስጡት፤ እኛ ቤት ሳህኑ ከመምጣቱ በፊት ይሄ ብቻውን ነብሮን በጣም አረጋግቶት ነበር።

ለመግዛት ለወሰናችሁ፦ አፍንጫው አጭር ለሆነ ውሻ ግድግዳው ዝቅ ያለውን ምረጡ፣ ጥልቁ ላይ አይደርስም። የግድግዳዎቹን ጫፍ በጣታችሁ ዳብሱት፣ ስለታም ከሆነ ምላስ ይቆርጣል። በልቶ ሲጨርስ አንሱት፣ አለዚያ ፕላስቲኩን ራሱን ያኝከዋል። ሁለት ውሻ ያላችሁ ደግሞ ሁለት ሳህን ግዙ፣ አንዱን ከቤቱ ፊት አንዱን ከጓሮ አድርጉ። አጠገቡ ሌላ ውሻ ቆሞ እያየው ቀስ ብሎ የሚበላ ውሻ የለም፣ ሳህኑ የፈለገው ዓይነት ቢሆን።