የአራት ኪሎ የጋዜጣ ኪራይ ከሥራ ለተቀነሰ ሰው ምን ያህል ይጠቅማል?

ለ9 ዓመታት በሒሳብ ሠራተኝነት ካገለገልኩበት አንድ አስመጪ ድርጅት በሠራተኛ ቅነሳ ምክንያት ከወጣሁ በኋላ ለአምስት ወራት ያህል ሥራ ስፈልግ ቆይቻለሁ። በእነዚያ ወራት የሞከርኳቸው መንገዶች ብዙ ቢሆኑም በዚህ ጽሑፍ ልገመግመው የምፈልገው አንዱን ብቻ ነው። እርሱም ታፔላም ሆነ ስልክ ቁጥር የሌለው፣ ነገር ግን አራት ኪሎን የሚያዘወትር ሰው የሚያውቀው የጋዜጣ ኪራይ ነው።

ለማያውቁት አሠራሩን ልግለጽ። አከራዩ የዕለቱንና የሰሞኑን ጋዜጦች ላስቲክ ላይ ዘርግቶ፣ ነፋስ እንዳይወስዳቸው በየጥጋቸው ጠጠር ጭኖ ይቀመጣል። አንባቢው የፈለገውን አንሥቶ እዚያው አጠገብ ድንጋይ ላይ ወይም የግንብ ጥግ ይዞ ያነባል፤ ሲጨርስ ሒሳቡን ከፍሎ ይመልሳል። ይዞ መሄድ አይቻልም፤ ከተፈቀደለት ጊዜ በላይ ያቆየም ጭማሪ ይጠየቃል። ይህ ንግድ እዚህ ቦታ መብቀሉ አያስገርምም፤ የአገሪቱ ጋዜጦች ለረጅም ዘመን ሲታተሙበት የኖረው፣ በ1914 ዓ.ም. የተቋቋመው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት የሚገኘው እዚሁ ነው። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ከተጀመረ ወዲህ የአካባቢው የእግረኛ መንገድ ሰፍቶ መልኩ ተለውጧል፤ የማያቸው አከራዮችም ከቀድሞው ያነሱ ናቸው። እኔ ደንበኛ የሆንኩባቸው አዛውንት የሚቀመጡት ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብለው ነው።

ሁሉም ሰው ጋሼ ይላቸዋል። ለግማሽ ሰዓት የከፈልኳቸው 10 ብር ነው። የመጀመሪያ ቀን ገና ምንም ሳልናገር ሪፖርተርን አነሡና የክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያው ከላይ እንዲሆን አጥፈው «እንኪ እህቴ፣ ከዚህ ጀምሪ» አሉኝ። በዚያን ጊዜ ከሥራ መውጣቴን ለእናቴ እንኳ አልነገርኩም ነበር፤ የማላውቃቸው ሰው ችግሬን ሳይጠይቁ ተረድተው ያንን ገጽ ሲያቀብሉኝ እንባዬን ለመያዝ ተቸግሬያለሁ። ከዚያ በኋላ በሄድኩ ቁጥር ያለፈውን ሳምንት ጋዜጣም ሳልጠይቃቸው አውጥተው ይሰጡኝ ነበር፤ ምክንያቱም የብዙዎቹ ማስታወቂያዎች የመመዝገቢያ ጊዜ ገና አላለቀም።

የዚህ አገልግሎት ዋና ጥቅም ግን ጋዜጣው ብቻ አይደለም፤ አብሮ የሚያነበው ሰው ነው። በሦስተኛው ሳምንት ላይ ለሲኒየር አካውንታንት የወጣ አንድ ማስታወቂያ ስገለብጥ፣ አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ጎልማሳ የልምድ ደብዳቤዬን ማየት ይችሉ እንደሆነ በትሕትና ጠየቁኝ። ካዩት በኋላ ጣታቸውን ማስታወቂያው ሥር ባለችው ደቃቅ መስመር ላይ አሳረፉ፦ «ከግል ድርጅት የሚቀርብ የሥራ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑን የሚገልጽ መሆን አለበት።» የእኔ ደብዳቤ ይህንን አይልም ነበር። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሥራ ውል ሲቋረጥ ያለ ክፍያ እንዲሰጥ የሚያስገድደው ማስረጃ የሠራተኛውን የሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመንና ይከፈለው የነበረውን ደመወዝ የሚገልጽ ነው፤ ቀጣሪዎች ግን የግብሩንም ነገር ይጠይቃሉ። ከዚያ በፊት በ11 ቦታዎች ማመልከቻ አስገብቼ ከአንዱም አለመጠራቴ ምናልባት በዚህ ምክንያት ሊሆን እንደሚችል የተረዳሁት ያን ቀን ነው። በማግስቱ ወደ ቀድሞው ድርጅት ሄጄ ደብዳቤው እንዲስተካከልልኝ አደረግሁ። እነዚያን ማስታወቂያዎች ሁሉ ሳነብ ያችን መስመር እንዴት እንደዘለልኳት እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለ ዋጋው ስናገር 10 ብር ለማን ትንሽ፣ ለማን ብዙ እንደሆነ መዘንጋት አይገባም። ሥራ ያጣ ሰው በየወሩ የሚደጎምበት የመንግሥት ክፍያ ስለሌለ በቅነሳ የወጣ ሠራተኛ የሚተማመነው በአዋጁ በተወሰነለት የስንብት ክፍያ ነው። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ፣ በቅነሳ ለወጣ ደግሞ ተጨማሪ የ60 ቀን ደመወዝ ይታሰባል። በእኔ 9 ዓመት ሲሰላ የ170 ቀን ደመወዝ ይሆናል። ከዚያ ላይ የቤት ኪራይና የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ሲቀነስ፣ በየሳምንቱ ሦስትና አራት ጋዜጣ መግዛት የሚታሰብ አይደለም፤ መከራየት ግን ይቻላል። ይህንን ሒሳብ እዚህ ያሰፈርኩት አብረውኝ ከወጡት መካከል የ60 ቀኑን ክፍያ ጨርሶ የማያውቁ ስለነበሩ ጭምር ነው።

በቴሌግራም በየቀኑ የሥራ ማስታወቂያ የሚለቅቁ ቻናሎች እያሉ ጋዜጣ ለምን ያስፈልጋል የሚሉ ብዙዎች ናቸው። እኔም ስድስት ቻናሎችን እከታተል ነበር። ብዛታቸው አይካድም፤ ነገር ግን አንዱ ማስታወቂያ በአራት ቦታ ይደጋገማል፣ የማብቂያ ቀኑ ተቆርጦ ይቀራል፣ አንዳንዱም «ለመመዝገቢያ» በሚል ገንዘብ አስልኮ ይጠፋል። አንዲት ጓደኛዬ በዚህ መንገድ 500 ብር ከፍላለች፤ የተባለው ድርጅት በአድራሻው ላይ አልተገኘም። በጋዜጣ የሚወጣ ማስታወቂያ ግን አውጪው ገንዘብ ከፍሎበት፣ አድራሻውንና የመመዝገቢያ ቀኑን ይዞ የሚወጣ ስለሆነ ይበልጥ ያስተማምናል። ለባንክ፣ ለመንግሥት የልማት ድርጅት፣ ለኅብረት ሥራ ዩኒየን ሥራ ፈላጊ ጋዜጣው ይሻላል ባይ ነኝ። በሶፍትዌር ሙያ ላይ ላለ ወይም መንግሥታዊ ባልሆኑ ድርጅቶች ውስጥ መቀጠር ለሚፈልግ ሰው ግን ጊዜውን እዚህ እንዲያጠፋ አልመክርም፤ ኢትዮጆብስን የመሰሉ ድረ ገጾች ለእርሱ የተሻሉ ናቸው።

ጉድለቶቹንም መሸፋፈን አልፈልግም። ጋሼ ማስታወቂያውን በስልክ ፎቶ ማንሳት አይፈቅዱም፤ በእጅ መገልበጥ ብቻ ነው የሚቻለው። መጀመሪያ ላይ ተናድጄ ነበር፤ አንዱ ፎቶ አንሥቶ ለሃያ ሰው ከላከው የሚከራያቸው እንደማይኖር ሲገባኝ ግን ተውኩት። ከዚህ የሚብሰው ማስታወቂያ በምላጭ ቆርጦ የሚወስድ አንባቢ መኖሩ ነው፤ ሁለት ጊዜ የምፈልገው ገጽ መሐሉ ተቦርቡሮ አግኝቼዋለሁ። ክረምት ሲገባ ደግሞ ዝናቡ ሲጀምር ጋዜጦቹ ወዲያው ተጠቅልለው ይነሣሉ፣ አንባቢውም ከየበረንዳው ሥር ይጠለላል፤ የዚያን ቀን ነገር በዚሁ ያበቃል። ለሴቶች የሚመች መቀመጫ የለም። እኔ በሄድኩባቸው ቀናት አብዛኛውን ጊዜ ብቸኛዋ ሴት አንባቢ ነበርኩ፤ ማንም ክፉ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም፣ ይሁንና አላፊ አግዳሚው እያየ የግንብ ጥግ ላይ መቀመጥ መጀመሪያ ላይ ከብዶኛል።

ለመሄድ ለሚያስቡ፣ ሪፖርተር የሚወጣው ረቡዕና እሑድ ስለሆነ ረቡዕ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት መድረስ ይሻላል፤ ከዚያ በኋላ ወረፋ አለው። አዲስ ዘመን በየቀኑ ስለሚወጣ ቀን መምረጥ አያስፈልገውም። ደብተርና እስክሪብቶ ይያዙ፤ የትምህርትና የሥራ ልምድ ማስረጃዎን ፎቶ ኮፒም ከእጅዎ አይለዩ፤ ምክንያቱም አንዳንዱ ማመልከቻ መቀበያ ከዚያው በእግር የሚደረስበት ነው።

አሁን የምሠራበትን ቦታ ያገኘሁት እዚያው በገለበጥኩት ማስታወቂያ ነው። በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ ተመዘገብኩ፣ የጽሑፍ ፈተናና ቃለ መጠይቅ አለፍኩ፤ የ60 የሥራ ቀን የሙከራ ጊዜዬ ገና አላለቀም። አብረውኝ ከተቀነሱት አምስት ባልደረቦቼ ሁለቱ እስካሁን ሥራ አላገኙም። ባለፈው ረቡዕ አስፈቅጄ አንዷን ይዣት ሄጄ ነበር፤ ጋሼም ገጹን አጥፈው አቀበሏት። የእሷም የልምድ ደብዳቤ ስለ ግብር የሚለው ነገር ስላልነበረ፣ ከዚያው ተነሥታ በቀጥታ ወደ ቀድሞው ድርጅታችን ሄዳለች።